ሰላጣው ውሃ ሲያቆር፣ ደበርጃኑ ዘይት ሲመጥ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል አራቱ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮች አዘገጃጀት የሚሠሩ ቀለል ያሉ አትክልቶችንና ሰላጣዎችን ይመለከታሉ።

ጥያቄ፦ «ቲማቲም፣ ኪያርና ሽንኩርት ከትፌ ከወይራ ዘይትና ከሎሚ ጋር የማዘጋጀው ሰላጣ ስሠራው ያምራል። ሰው ተሰብስቦ እስኪቀመጥ ድረስ ግን ሳህኑ ሥር ውሃ ያቆራል፤ ጣዕሙም ይጠፋል። ስሕተቴ ምኑ ላይ ነው?»

መልስ፦ የቲማቲምም ሆነ የኪያር 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ጨው በተቆረጠ አትክልት ላይ ሲያርፍ ውስጡ ያለውን ውሃ ወደ ውጭ ስለሚስብ፣ ጨው የነካው ሰላጣ ውሃ ማውጣቱ አይቀርም። እርስዎ መወሰን የሚችሉት ውሃው ገበታ ከመቅረቡ በፊት ይውጣ ወይስ ከቀረበ በኋላ የሚለውን ነው። አስቀድሞ እንዲወጣ ከፈለጉ ለግማሽ ኪሎ የተቆረጠ ቲማቲምና ኪያር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሰው፣ ማጥለያ ላይ አድርገው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያቆዩት። የሚንጠባጠበውን ከሥሩ በጎድጓዳ ሳህን ይቀበሉት እንጂ አይድፉት፤ የቲማቲሙ ጣዕም ብዙው እዚያ ውስጥ ነው። ከዚያ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወስደው ከወይራ ዘይት ጋር ቢመቱት ከማንኛውም ማጣፈጫ የሚበልጥ ቅባት ያገኛሉ። ጨው አስቀድሞ ስለገባ ግን በመጨረሻ ሳይቀምሱ አይጨምሩ።

ሁለተኛው መንገድ ውሃውን ከማስወገድ ይልቅ የሚጠጣው ነገር አብሮት እንዲገባ ማድረግ ነው። እኔ በግሌ ይህን ይበልጥ እወደዋለሁ፤ የአካባቢው ሰዎች የምግብ ጥበብም ከሁሉ በላይ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። የጣሊያኗ ቶስካና ፓንዛኔላ የሚባለውን ሰላጣ የምትሠራው በደረቀ ዳቦ ሲሆን፣ ዳቦው የቲማቲሙን ጭማቂና አቸቶውን መጥጦ እንዲለሰልስ ይተዋል። የሊባኖሱ ፋቱሽ የተጠበሰ ቂጣና ሱማክ የሚባል ኮምጣጣ ቀይ ቅመም ይገባበታል፤ ቂጣው ግን መንኮሻኮሹን እንዳያጣ ሰላጣው ሊቀርብ ሲል ብቻ ይጨመራል። ታቡሌ በሚባለው የፐርሰሜሎ ሰላጣ ደግሞ ደቃቅ ቡልጉር (የስንዴ ክክ) ሳይቀቀል በቲማቲሙ ጭማቂና በሎሚው ይርሳል። ታቡሌ ሲሠራ ቡልጉሩ ይብዛ የሚሉ አሉ፤ ሊባኖሳውያን ግን የሚያበዙት ፐርሰሜሎውን ነው። ሳህኑ ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ ካልሆነ ቡልጉሩ በዝቷል ማለት ነው። ፐርሰሜሎውን አጥበው ፈጽሞ ካደረቁ በኋላ በስለታም ቢላ አንድ ጊዜ ብቻ ይክተፉት፤ ደጋግሞ የተከተፈ ቅጠል ራሱ ውሃ ያወጣል፤ ይጠቁራልም።

የግሪክ የገጠር ሰላጣ፣ ሆሪያቲኪ፣ ሦስተኛ ብልሃት አለው። አትክልቱ በትልልቁ ስለሚቆረጥ ለጨው የሚጋለጠው ገጽ ይቀንሳል፤ የሰላጣ ቅጠል በውስጡ አይገባም፤ የፌታ አይብም ሳይፈረፈር በቁራጩ ከላይ ተቀምጦ ኦሬጋኖ የሚባል የደረቀ ቅጠል ይነሰነስበታል፤ ዘይትም ይፈስበታል። ሥሩ ላይ የሚቀረው ጭማቂ በዳቦ እየተጠቀሰ ስለሚበላ ማንም እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። እንዲያውም ለብዙዎች የሰላጣው ምርጥ ክፍል እርሱ ነው።

ስለ ሎሚው አንድ ነገር ልጨምር። ለቅጠል ሰላጣ የተለመደው ልክ 3 እጅ ዘይት ለ1 እጅ ሎሚ ወይም አቸቶ ነው፤ ቲማቲም ግን የራሱ ኮምጣጣነት ስላለው ሎሚውን በግማሽ ይቀንሱለት። የሰላጣ ቅጠል የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ያድርቁት፤ እርጥብ ቅጠል ዘይት አይዝም።

ጥያቄ፦ «ደበርጃን በመጥበሻ ስጠብስ ያፈሰስኩትን ዘይት ሁሉ ይመጠዋል፤ ስጨምርም አይበቃውም። ቅባት እንድቀንስ ስለተነገረኝ ዘይቱን ጨርሶ ብተወው ይሻላል?»

መልስ፦ ደበርጃን ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፤ በየቦታው አየር የያዙ ጥቃቅን ክፍተቶች አሉት። ጥሬውን ዘይት ውስጥ ሲጨምሩት ዘይቱ ክፍተቶቹን ይሞላል። ስለዚህ መጀመሪያ ስፖንጁ እንዲሟሽሽ ማድረግ ያስፈልጋል። ቆርጠው ጨው ነስንሰው ለ30 ደቂቃ ካቆዩት በኋላ በጨርቅ ጫን አድርገው ያድርቁት፤ ወይም ለጥቂት ደቂቃ በእንፋሎት ያለስልሱት። ቀጥሎ መጥበሻውን ትተው ኦቨኑን እስከ 220 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሙቁና፣ ለግማሽ ኪሎ ደበርጃን 2 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት በእጅዎ አዳርሰው ትሪ ላይ ሳይደራረብ ይዘርጉት። ከተደራረበ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ፣ መሐል ላይ አንዴ ሲገለበጥ፣ ጠርዙ ቡናማ፣ ውስጡም ቅቤ የመሰለ ይሆናል። ትኩስ እንዳለ ጥቂት አቸቶና የተከተፈ ናና ያድርጉበት፤ ሲበርድ ጣዕሙ ይበልጥ ይሰምራል።

ዘይቱን ጨርሶ መተውን ግን አልመክርዎትም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለውና መለካቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በካሮትና በቲማቲም ውስጥ ያሉትን የቀለም ንጥረ ነገሮች፣ ቤታ ካሮቲንንና ላይኮፒንን፣ ሰውነት በሚገባ የሚወስደው ቅባት አብሮ ሲኖር ነው። ስለዚህ ከጠርሙሱ በቀጥታ ማፍሰሱን ትተው በማንኪያ ይስፈሩ። ቅባት እንዲቀንሱ የነገሩዎት በሕመም ምክንያት ከሆነ ግን የዕለቱን ልክ ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ።

ጥያቄ፦ «ፎሶሊያ ቀቅዬ በሎሚና በዘይት ሳቀርብ ለምሳ አረንጓዴ የነበረው ለእራት ይጠወልጋል፤ ቀለሙም ወደ ቡናማ ይለወጣል።»

መልስ፦ የቅጠላ ቅጠልን አረንጓዴ ቀለም የሚሰጠው ክሎሮፊል ማግኒዥየም የሚባል ማዕድን በውስጡ ይዟል፤ የሎሚው አሲድ ይህን ማዕድን ሲያስለቅቀው ቀለሙ ይደፈርሳል። ብዙ ውሃ በጨው አፍልተው ድስቱን ሳይከድኑ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይቀቅሉት፤ ወዲያው በበረዶ ውሃ አቀዝቅዘው ያጥልሉት፤ ዘይቱን ቀብተው ያስቀምጡት፤ ሎሚውን ግን ገበታ ላይ ብቻ ይጭመቁበት። ቆስጣና ስፒናችም እንዲሁ ናቸው፤ እነርሱን ግን ከቀዘቀዙ በኋላ በእጅ አጥብቆ መጭመቅ ያስፈልጋል። ግሪኮች ፎሶሊያን በቲማቲምና በወይራ ዘይት ለረጅም ጊዜ አብስለው እስኪልም ድረስ የሚሠሩበት ሌላ ምግብም አላቸው። እዚያ ቀለሙ መደብዘዙ ስለማይቀር አይጨነቁበት፤ ለብ ብሎ ሲበላ እጅግ ይጣፍጣል።

ጥያቄ፦ «ሥራ ለማቅለል ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በወይራ ዘይት ዘፍዝፌ በጠርሙስ ለወር ያህል መደርደሪያ ላይ ባስቀምጥ ይበላሽብኛል?»

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። ነጭ ሽንኩርት ከአፈር የሚመጣ ቦቱሊዝም የሚባለውን የምግብ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ይችላል፤ ዘይቱ አየር ስለሚከለክል ባክቴሪያው በክፍል ሙቀት ተመችቶት ያድጋል፤ የሚያመነጨው መርዝም ሰው ይገድላል። ይህ መርዝ በማሽተትም ሆነ በመቅመስ ላይታወቅ ይችላል። ለአንድ ሰላጣ የሚበቃዎትን በዕለቱ ይውቀጡ። ከተረፈዎት ወዲያው ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብተው እስከ 4 ቀን ድረስ ይጠቀሙበት፤ ከዚያ ያለፈውን ይድፉት።