ከቀራሮው ስር ጎንበስ በሉ

ሰሞኑን አንዲት የማስተርስ ተማሪ ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ የመመረቂያ ጥናቴን በቀራሮ ላይ ልሥራ ወይስ በሳተላይት ምስል ቶሎ የሚያልቅ ርዕስ ልፈልግ?" አለች። ለእሷ መልሼ ልተወው ነበር። ግን ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ፣ እንቅልፍም ነሳኝ። ስለዚህ እናንተም ስሙኝ።

ቀራሮን ለማታውቁት፣ በካፋ፣ በሸካና በሐረና ደኖች ከሌላው ዛፍ ሁሉ በላይ አናቱን የሚያወጣው እሱ ነው። ከ40 ሜትር በላይ ይሄዳል።

ወጣት ሳለሁ ቦንጋ አካባቢ በአንድ ትልቅ ቀራሮ ዙሪያ የሚበቅሉትን ቡቃያዎች እንከታተል ነበር። ዘሩ በረገፈበት ወቅት ከዛፉ ስር እግር ማሳረፊያ አይገኝም፤ መሬቱ ሁሉ ቡቃያ ነው። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር የተመታበት ትንሽ ቆርቆሮ በቀጭን ሽቦ እናስራለን። ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ፣ ጉንዳን ሱሪያችን ውስጥ፣ ደብተሩ ደግሞ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ። ቆይተን ስንመለስ ግንዱ አጠገብ የነበሩት አልቀዋል። አንዳንዱ ቅጠሉን ትል በልቶት ጅማቱ ብቻ ቀርቷል። ሌላው አፈሩን በሚነካበት በኩል ጠቁሮ፣ በስብሶ ወድቋል። በሕይወት የምናገኘው እንስሳ ወስዶ ራቅ አድርጎ የጣለውን ነው። መንገድ የሚመሩን የአካባቢው ሽማግሌ አልገረማቸውም። "ከእናቱ ስር የበቀለ አይከርምም" አሉን፣ በቃ።

ሁለት የሥነ ምህዳር ተመራማሪዎች፣ ዳንኤል ጃንዘን በ1970፣ ጆሴፍ ኮኔል በ1971 እ.ኤ.አ. የጻፉት ሐሳብ ይኸው ነው። አንድን ዝርያ ለይተው የሚያጠቁ ነፍሳትና ፈንገሶች እናት ዛፉ ባለችበት ይበዛሉ። ዘሩ እዚያው ከወደቀ ያገኙታል፤ ቦታው ለሌላ ዝርያ ይለቀቃል። ሞቃትና ዝናባማ በሆኑ ደኖች ያን ያህል ዓይነት ዛፍ ተቀላቅሎ የሚኖርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ይባላል። ፓናማ ውስጥ ባሮ ኮሎራዶ በምትባል ደሴት በ50 ሄክታር ላይ ወደ 300 የሚጠጋ የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያ አለ። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ ሳይቀር እየቆጠሩ ይኸው እስከ ዛሬ አሉ። እቀናባቸዋለሁ፣ ምን ልደብቅ።

የእኛ ደን በዝርያ ብዛት እዚያ አይደርስም። አንደኛ ደጋ ነው። ደግሞም በበረዶው ዘመን አፍሪካ ክፉኛ ደርቃ ነበር። ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ራሱ ደርቆ እንደነበር ከሐይቁ ስር የተጠራቀመው ደለል ይናገራል። እንዲህ ባለው ጊዜ ደኑ እርጥበት ወዳለበት ጥግ ይሸሻል፣ ዝናብ ሲመለስ ይሰፋል። ዛሬ የምናየው ያን ሁሉ አልፎ የመጣውን ነው።

ወደ ቁጭቴ ልመለስ። ገንዘቡ አለቀና ፕሮጀክቱ ተዘጋ። እኔም ቢሮ ገባሁ፤ ደብተሩም ካርቶን ውስጥ ቀረ። ከዓመታት በኋላ በሌላ ጉዳይ በዚያ ሳልፍ ቀራሮው እንደቆመ አገኘሁት፣ እንዲያውም አምሮበታል። ስሩ ግን ጥርግ ብሏል፣ ቡና ብቻ ነው። አንድ ወጣት በቆንጨራ ይመነጥራል። "ቡቃያውን ለምን ትቆርጠዋለህ?" አልኩት። "ቡናውን ያንቀዋል፤ ደግሞስ ቀራሮ እስኪያድግ ማን ይጠብቃል?" አለኝ። ስንት ቡቃያ ቢተው ቡናው ሳይጎዳ ደኑ እንደሚተካ ልነግረው በቻልኩ ነበር፤ እዚያ የቆየነው ለዚህ አልነበር? ግን መልሱ ካርቶኑ ውስጥ ነው፣ ያውም ግማሹ።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፕሮፌሰር ደመል ተከታይ በደረቁ የደጋ ደኖቻችን ላይ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ የአብዛኛው ዛፍ ዘር አፈር ውስጥ ተቀብሮ ዓመታት አይጠብቅም። የሚጠብቀው ቡቃያው ነው። የቀራሮም ዘር ሰንብቶ አይበቅልም። ቡቃያው ግን ጥላ ስር ቁጭ ብሎ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ብርሃን እስኪገባ ድረስ ይታገሳል። ብሳና ሌላ ነው፤ ክፍት ቦታ ካገኘ ወዲያው ይመዘዛል። እንግዲህ ስሩን በየዓመቱ ከመነጠሩት የሚጠብቅ ቡቃያ የለም። ከሳተላይት ሲታይ አሁንም ደን ነው፣ አረንጓዴው አልጎደለም። ከስር ሲገቡበት ግን ልጅ የሌለበት የሽማግሎች ቤት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። የዛሬ ልጆች ድሮን ማስነሳት ታውቃላችሁ፣ ጎንበስ ማለት አትወዱም። ችግኝ ተክላችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ዝርያው ምን እንደሆነ ስትጠየቁ ግን ዝም። በእርግጥ ባለፈው እኔም ያላወቅሁትን ሐረግ ስም የነገረኝ የልጅ ልጄ ስልክ ነው። ይሁን፣ ተጠቀሙበት።

ቡናንም ጠላት አድርጋችሁ እንዳትጽፉ። የእኛው ቡና፣ አረቢካው፣ ራሱ የደን ውስጥ ትንሽ ዛፍ ነው። ሮቡስታና ዩጂኒዮይደስ የሚባሉ ሁለት የቡና ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘ፣ እነሱ 22 ክሮሞሶም ሲኖራቸው እሱ 44 ያለው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ የጂኖም (የሙሉ ዘረመል) ጥናት መዳቀሉ ከ600 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይገምታል። ቡና ባይኖር ያ ደን ይሄኔ በቆሎ ተዘርቶበት ነበር ባይ ነኝ። አዎ፣ ቅድም ሌላ ስል ነበር፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ጌተም የሚባለውንም ዛፍ ሳላነሳ አላልፍም። ነጩን ማር የሚሰጠን እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ መሬት ላይ ሳይሆን ሌላ ዛፍ ጉያ ውስጥ ይበቅልና ሥሩን ቁልቁል ይሰድዳል። በመጀመሪያ ያሳየኝ ማር ቆራጭ ነው። ዛፉ ላይ እንዳለ ከቆረጠው ማር ጣለልኝ፣ ከነሰፈፉ በላሁት።

እና አንቺ ልጄ፣ ቀራሮውን ያዢ። የተመነጠረና ያልተመነጠረ ቦታ ጎን ለጎን ምረጪ። ቁመት ብቻ አትለኪ፣ የሞተውንም ጻፊ፤ ትል ነው፣ መበስበስ ነው ወይስ ቆንጨራ? ስትጨርሺ ደብተሩን ከአንቺ ቀጥሎ ለሚመጣው ስጪ። ባለቡናውን ደግሞ ገና ከጅምሩ አስፈቅጂው፣ ምንጣሮው መቼ እንደሆነም ጠይቂውና ከዚያ በፊት ድረሺ።