200ውን ደቂቃ ማን ይጫወተዋል? የሚቀጥለውን ዓመት ስብስብ በተመለከተ የአንባቢያን ጥያቄዎች

የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር ባለቀ ማግስት ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ጥያቄዎች መልካቸው አንድ ነው፦ ማን ሄደ? ማንስ ይምጣ? ከደረሱን መካከል ለብዙ ደጋፊ የሚጠቅሙትን መርጠን መልሰናል። ዓመታቱና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከቡድናችን 6 ተጫዋቾች ወጥተዋል፤ ገሚሶቹ ተመርቀው፣ ገሚሶቹ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው። አንዱ «ጋርድ (ኳስ የሚነዳና ከሩቅ የሚወረውር ተጫዋች) ነው የጎደለን» ይላል፣ ሌላው «ሴንተር (ከቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ሰው)» ይላል። በትክክል የጎደለንን ለማወቅ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከደቂቃ ይጀምሩ። ጨዋታው 40 ደቂቃ ነው፤ ሜዳ ላይ 5 ሰው ስላለ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ የሚያከፋፍለው 200 ደቂቃ ነው። ጭማሪ ሰዓት ካለ በእያንዳንዱ 25 ደቂቃ ይደመራል። ያለፈውን ዓመት የደቂቃ ሰንጠረዥ ይዘው ተጫዋቾቹን በሦስት ይክፈሏቸው፦ የሚመለሱ፣ የሄዱና ገና ያልወሰኑ። ሦስተኛውን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከዚያ ሜይ ላይ ይደነግጣል።

እዚህ ላይ የሚያሳስተው በየጨዋታው የሚሰጠው አማካይ ነው። በጨዋታ 30 ደቂቃ ይጫወት የነበረ ሰው ከ34 ጨዋታ 12ቱ በጉዳት ካመለጡት ጠቅላላ ደቂቃው 660 ነው። ቡድኑ በዓመቱ ያከፋፈለው 6,800 ነው። ስለዚህ የሰውዬው ድርሻ 15 በመቶ ይመስላል እንጂ በተግባር ከ10 በመቶ በታች ነበር። ያንን ክፍተት ዓመቱን ሙሉ ሲሸፍን የቆየ ተቀያሪ አለ ማለት ነው፤ እሱ ከተመለሰ የጎደለው ከሚወራው ያንሳል፣ እሱም ከሄደ ደግሞ ይበልጣል።

ቀጥሎ የሚመለሱትን በአዲሱ ዓመት ስንት ደቂቃ እንደሚጫወቱ ይገምቱ። ድምሩ ከ200 መብለጥ የለበትም። ደጋፊው ሲገምት ለእያንዳንዱ ወጣት 10 ደቂቃ ይጨምርና ሳያውቀው 240 ላይ ይደርሳል። ለጤናማ ስብስብ አንድ ልክ ልስጥዎ፦ 32፣ 30፣ 30፣ 28፣ 26፣ 20፣ 16፣ 12፣ 6። ዘጠኝ ሰው፣ 200 ደቂቃ። በእርስዎ ወረቀት ላይ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቦታዎች ውስጥ ሁለት ባዶ ካለ አስቸኳይ ግዢ ነው። ባዶው ከስድስተኛው በታች ከሆነ ግን አሰልጣኙ አዲስ ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) አሳድጎ ሊሞላው ይችላል።

በመጨረሻ እያንዳንዱን ባዶ ደቂቃ በሥራው ይሰይሙት። «ጋርድ» በጣም ሰፊ ስም ነው። ኳስ ይዞ ጫናን የሚሰብር ጋርድና ጥግ ቆሞ ሦስት ነጥብ የሚጠብቅ ጋርድ አንዱ ሌላውን አይተካም። በተለይ ዋናው ፖይንት ጋርድ (ጨዋታውን የሚያቀናብረው ጋርድ) 33 ደቂቃ ከተጫወተ የቀሪዎቹን 7 ደቂቃዎች ባለቤት በስም ይጻፉ። በእነዚያ 7 ደቂቃዎች ኳስ በማባከን ብቻ የተሸነፉ ጨዋታዎች ብዙ ናቸው፤ ዋናው ልጅ በጊዜ ሁለት ፋውል ሲያገኝ ደግሞ 7ቱ ወደ 17 ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የሄደብን ኮከብ በአማካይ 18 ነጥብ ያገባ ነበር። ሌላ 18 ነጥብ የሚያገባ ካላመጣን አበቃልን ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ነጥቡ ሰውዬውን ተከትሎ አይሄድም፤ ኳሱ ለሌሎች ይከፋፈላል። የሚያሳስበው የሚከፋፈልላቸው ሰዎች መቻላቸው ነው። ለዚህ የሚያገለግለው መለኪያ የማጥቃት ድርሻ ነው፦ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ባለበት ጊዜ ቡድኑ ኳስ ይዞ ካጠቃባቸው ዕድሎች ውስጥ በእሱ እጅ፣ በውርወራም ይሁን በነፃ ውርወራ ወይም በማባከን፣ የሚያልቁት ስንት በመቶ ናቸው? ሜዳ ላይ አምስት ሰው ስላለ አማካዩ 20 ነው። 28 በመቶ የያዘ ሰው ሲሄድ ለቀሪዎቹ የሚተርፈው ሸክም ያ ከ20 በላይ ያለው ነው።

ድርሻ ሲጨምር ብዙውን ጊዜ ጥራት ይወርዳል። በ17 በመቶ ድርሻ ከውርወራው ጥሩ ውጤት የሚያገኝ ልጅ የሚመታው የተመረጠውን ኳስ፣ ሌላው የከፈተለትን ነው። 25 ሲሰጡት የ30 ሰከንዱ የማጥቂያ ሰዓት ሊያልቅ ሲል የሚመጣው መጥፎ ኳስም የእሱ ይሆናል። ስለዚህ «እሱ ኮከቡን ይተካል» ከማለትዎ በፊት ኮከቡ በተጎዳባቸው ጨዋታዎች ምን እንዳደረገ ይመልከቱ።

በተቃራኒው ከአነስተኛ ሊግ የሚመጣ ባለ ብዙ ነጥብ ተጫዋች ትልቅ ሊግ ውስጥ ድርሻው ሲቀንስ ጥራቱ ሊጠበቅ ወይም ሊሻሻል ይችላል። የ2025 ሻምፒዮን ፍሎሪዳ እዚህ ላይ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሂውስተንን 65 ለ63 ያሸነፈው ቡድን ሦስቱ ቋሚ ጋርዶች በሙሉ በዝውውር የመጡ ነበሩ፦ ዊል ሪቻርድ ከቤልሞንት፣ ዋልተር ክሌይተን ከአዮና፣ አሊጃ ማርቲን ከፍሎሪዳ አትላንቲክ። ብዙ ሰው የማያነሳው ግን በአንድ ክረምት አለመምጣታቸው ነው፤ 2022፣ 2023 እና 2024፣ በየዓመቱ አንድ። አሰልጣኝ ቶድ ጎልደን በየክረምቱ ያስፈለገውን አንድ ጋርድ እየጨመረ ነው እዚያ የደረሰው።

ጥያቄ፦ ልናስፈርመው የምንነጋገርበት ልጅ ሦስት ነጥብ 42.5 በመቶ ያስገባል። የውርወራ ችግራችን ተፈታ?

መልስ፦ ከስንት ሙከራ? ከ40 ሙከራ 17 ካስገባ 42.5 ነው። ከእነዚያ 17 ሦስቱ ብቻ ከብረቱ ላይ ቢመለሱ 35 በመቶ ይሆን ነበር፣ ያኔም ማንም አያወራለትም። ከ200 ሙከራ 70 ያስገባ ልጅ ላይ ግን ሦስት ኳስ ቢጨመር ወይም ቢቀነስ ለውጡ 1.5 በመቶ ነው። ከ100 ሙከራ በታች ያለውን መቶኛ እንደ ወሬ ይቁጠሩት።

ሙከራው ትንሽ ከሆነ ወደ ነፃ ውርወራ ይሂዱ። ማንም የማይከላከለው፣ ርቀቱም የማይለወጥ ውርወራ ስለሆነ የእጅን ንጽሕና ያሳያል። 42 በመቶ ሦስት ነጥብ ከ62 በመቶ ነፃ ውርወራ ጋር አብሮ ከታየ ጥርጣሬው ከሦስት ነጥቡ ላይ ነው። 33 በመቶ ሦስት ነጥብ ከ86 በመቶ ነፃ ውርወራ ጋር ሲሆን ግን ሌላው ቡድን የዘለለውን ልጅ በርካሽ ያገኙት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ቪዲዮ ይዩ፦ ቆሞ ተቀብሎ ነው የሚወረውረው ወይስ ድሪብል አድርጎ? የእርስዎ ቡድን ኳስ የሚከፍት ፖይንት ጋርድ ከሌለው ተቀብሎ ብቻ የሚወረውር ልጅ ጥግ ላይ ቆሞ ይውላል።

ጥያቄ፦ ሁለት ጥሩ ሴንተሮች አሉን። ሦስተኛ ለምን ይፈለጋል?

መልስ፦ በፋውል ምክንያት። በኮሌጅ 5 ፋውል ያስወጣል። የአንድን ትልቅ ሰው ፋውል በ40 ደቂቃ አስልተው 6 ከሆነ በስሌት የሚቆየው 33 ደቂቃ ነው፤ 7 ከሆነ ከ29 ያነሰ። በተግባር ከዚህም ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ብዙ አሰልጣኞች በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለተኛውን ፋውል ያገኘ ሰው ያስቀምጣሉ።

አሁን አሰላለፉን ይጨምሩ። ከቅርጫቱ ሥር አንድ ሰው የሚያቆም ቡድን የሚሞላው 40 ደቂቃ ነው፤ ለዚህ ሁለት ሰው ይበቃል፣ ሦስተኛው ለጉዳት መጠባበቂያ ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎችን አብሮ የሚያጫውት አሰልጣኝ ግን 80 ደቂቃ አለበት፣ ያንን በሁለት ሰው መሙላት አይቻልም። ፍሎሪዳ በ2025 ኮንደንን፣ ቺንየሉን፣ ሃውግንና ሃንድሎግተንን እያፈራረቀ ነበር የተጫወተው፤ የጨዋታ መሠረቱ የማጥቃት ሪባውንድ (ራሱ የሳተውን ኳስ መልሶ መያዝ) የሆነ ቡድን የደከመ ትልቅ ሰው አያዋጣውም።

ሦስተኛውን ሲመርጡ ነጥቡን ይርሱት። ስክሪን (የጓደኛውን ተከላካይ በሰውነት ማገድ) በትክክል መቆሙን፣ ፒክ ኤንድ ሮል (አግዶ ወደ ቅርጫቱ የሚሮጥበትን ጨዋታ) ሲከላከል ወደኋላ መመለሱን፣ ኳስ ሲይዝ አለማባከኑን ይዩ። በጨዋታ 10 ደቂቃ ጉዳት ሳያደርስ ካለፈ ዋጋውን አግኝቷል።

ጥያቄ፦ ስንት ሰው ነው መያዝ የሚቻለው? አንዳንዱ 13 ይላል፣ አንዳንዱ 15።

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ዘመናቸው ይለያያል። በወንዶች ዲቪዥን አንድ (ከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃ) ለረጅም ጊዜ 13 ስኮላርሺፕ ነበር። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው የሃውስ ስምምነት (የኮሌጅ ስፖርተኞች ያቀረቡት ክስ የተቋጨበት) መሠረት ከ2025–26 ጀምሮ በስምምነቱ የገቡ ዩኒቨርሲቲዎች የስኮላርሺፕ ጣሪያ ቀርቶላቸው የስብስብ ጣሪያ 15 ሆነ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈልም ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ይህ ገንዘብ ለሁሉም ስፖርት ነው። ትልቅ የአሜሪካ እግር ኳስ (ፉትቦል) ቡድን ያለው ዩኒቨርሲቲ አብዛኛውን ወደዚያ ይወስደዋል፣ ስለዚህ «20 ሚሊዮን አለን» ብለው ስብስብ አይንደፉ።

15ቱንም ቦታ መጫወት በሚጠብቁ ሰዎች መሙላት ደግሞ ራስን መጉዳት ነው። ዘጠኝ ሰው በሚጫወትበት ቡድን ስድስት የተከፋ ሰው ውድድሩ እንዳለቀ ሁሉም ፖርታል (መዛወር የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን የሚያስመዘግብበት ዝርዝር) ውስጥ ይገባል። ሁለት ሦስት ቦታ ለልምምድ ሰዎችና ሬድሸርት ለሚደረግ (የመጫወቻ ዓመቱ እንዳይቆጠርበት ዓመቱን ሳይጫወት ለሚያሳልፍ) ወጣት መተው ያዋጣል።

ጥያቄ፦ የዝውውር ፖርታሉ ተዘጋ፤ አሁንም ሰው ይመጣል ማለት ነው?

መልስ፦ ይመጣል። መዘጋቱ አዲስ ስም እንዳይመዘገብ ነው፤ የተመዘገበው ልጅ ግን ከዚያ በኋላም ጊዜ ወስዶ ይመርጣል። በ2025 የወንዶቹ መስኮት ከማርች 24 እስከ ኤፕሪል 22 ክፍት ነበር። ለኤንቢኤ ድራፍት (የፕሮፌሽናል ሊጉ የተጫዋቾች ምርጫ) ተመዝግበው ወደ ኮሌጅ መመለስ ለሚፈልጉ የተሰጠው ቀነ ገደብ ደግሞ ሜይ 28 ነበር። አንድ ሰው ሁለቱም ውስጥ በአንድ ጊዜ መመዝገብ ይችላል። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለው ከአንድ ወር በላይ የሆነ ጊዜ ነው አሰልጣኞችን የሚያስጨንቀው፦ ለኮከቡ ቦታ አስቀምጠው ቢጠብቁ ሌሎቹ ያልቃሉ፣ ቦታውን ለሌላ ቢሰጡ ኮከቡ ይመለሳል። በእርስዎ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ይሥሩ፣ አንዱ እሱ ሲመለስ፣ ሌላው ሲሄድ። በሁለቱም ዓምድ ባዶ ሆኖ የታየው ቦታ መጀመሪያ ይሞላል።

ጥያቄ፦ አዲሱ አሰልጣኝ ሙሉውን ስብስብ ሊቀይር ነው። ነባሮቹን ይዞ መቀጠል አይሻልም ነበር?

መልስ፦ ነባሮቹ ጥሩ ከነበሩ ይሻላል፤ ደካማ ከነበሩ አብሮ መቆየታቸው ብቻውን ነጥብ አያመጣም። ሉዊቪል በ2023–24 8 አሸንፎ 24 ተሸነፈ፤ በፓት ኬልሲ ሥር ከሞላ ጎደል አዲስ በሆነ ስብስብ በቀጣዩ ዓመት 27 አሸንፎ 8 ተሸነፈ። ኬንታኪም በ2024–25 ማርክ ፖፕ ከዜሮ በሠራው ቡድን እስከ መጨረሻዎቹ 16 ደርሷል። በሌላ በኩል ፍሎሪዳ አትላንቲክ በ2023 ከመጨረሻዎቹ አራት ደርሶ ዋና ዋና ተጫዋቾቹን ይዞ ተመለሰ፤ በ2024 በመጀመሪያው ዙር በኖርዝዌስተርን ተሸንፎ ወጣ።

ሙሉ በሙሉ የተቀየረ ስብስብ የሚከፍለው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ መከላከል ላይ ነው። ማጥቃት በጥቂት ጥሩ ወርዋሪዎች ይሸፈናል፤ ስክሪን ሲመጣ ማን ይቀያየር፣ ማን ከጥግ ይርዳ የሚለው ግን በቃል የሚያዝ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱን ቡድን በኖቬምበር ውጤት አይፍረዱት። ከአዲሶቹ መካከል ሁለት ወይም ሦስቱ ከአሰልጣኙ ጋር ከቀድሞ ዩኒቨርሲቲው የመጡ ከሆነ መላመዱ ይፈጥናል፣ ሌሎቹን ሜዳ ላይ ቆመው የሚያስተምሩት እነሱ ናቸውና።

ጥያቄ፦ የሴቶቹን ቡድን በዚሁ ዘዴ መመዘን ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ እነሱም 200 ደቂቃ ነው ያላቸው፣ በአራት ባለ 10 ደቂቃ ክፍል። «ያልወሰኑ» የሚለው ዓምድ ግን በጣም ያጥራል። የደብሊው ኤንቢኤ (የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ) ድራፍት ደንብ ለአሜሪካውያን ተጫዋቾች በድራፍቱ ዓመት 22 ዓመት መሙላትን ወይም ትምህርት ማጠናቀቅን ስለሚጠይቅ ኮከብ በአንድ ዓመት አይሄድም። ሥጋቱ ያለው ፖርታሉ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ከአውሮፓ የሚመጣ ልጅ አለን። ቁጥሮቹን እንዴት ላንብብ?

መልስ፦ እዚያ የሚሠራበት የፊባ (የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ጨዋታም 40 ደቂቃ ስለሆነ ደቂቃው በቀጥታ ይነጻጸራል። የሦስት ነጥብ መስመሩም ያው 6.75 ሜትር ነው፤ የወንዶች ኮሌጅ ወደዚያ ርቀት የተሸጋገረው በ2019–20 ነው። የሚለየው የማጥቂያ ሰዓቱ ነው፦ እዚያ 24 ሰከንድ፣ እዚህ 30። ከሁሉ በላይ በምን ደረጃ እንደተጫወተ ይለዩ። ከአዋቂዎች ጋር በጨዋታ 12 ደቂቃ የተጫወተ የ19 ዓመት ልጅ፣ ከእኩዮቹ ጋር 20 ነጥብ ካገባው ይልቅ ብዙ ነገር ያሳያል።

ወረቀት ላይ የማይታየው ቪዛው ነው። በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ የሚገባ ሰው የሥራ ገቢው በሕግ የተገደበ ስለሆነ ክፍያው ላይ ጠበቃ ይገባበታል፤ የብቁነት ማረጋገጫውም ጊዜ ይወስዳል። እስኪገባ ድረስ በሚመለሱት ዝርዝር ጎን በእርሳስ ይጻፉት፣ የክረምት ልምምድ ካመለጠው ደግሞ እስከ ጃንዋሪ የሚሰጡትን ደቂቃ በግማሽ ይቀንሱ።