በሟች አባቴ ስም ያለውን የቤት ስልክ ወደ ኢንተርኔት ማዛወር እንችላለን?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ የምትጠቀምበት የቤት ስልክ ከሁለት ዓመት በፊት ባረፈው አባቴ ስም ነው። ክፍያው ስለከበደን ከራውተር ጋር በሚገናኝ አዳፕተር (የቤት ስልኩን ከኢንተርኔት ጋር በሚያያይዝ ትንሽ መሣሪያ) በኢንተርኔት እንድትደውል አሰብን። የስልክ ኩባንያው ግን «ውሉ አላለቀም፤ መቀጫውን ሳትከፍሉ ቁጥሩን አንለቅም» አለን። ቁጥሩን አገር ቤት ያለ ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል። እናቴ አዲስ አበባ ስትሄድ አዳፕተሩን ይዛው ብትሄድስ?

መልስ፦ አባትዎን ነፍስ ይማር። ከሁሉ አጣዳፊ ከሆነው ልጀምር፦ ቁጥሩ ወደ አዲሱ የኢንተርኔት ስልክ አቅራቢ ተዛውሮ በአዳፕተሩ በኩል ጥሪ መግባቱን እስክታረጋግጡ ድረስ የድሮውን መስመር አታዘጉ። ብዙ ሰው የወር ክፍያ ለማትረፍ ቀድሞ ያዘጋል፤ ከተዘጋ በኋላ ግን ቁጥሩን ማስመለስ ብዙ ጊዜ አይቻልም።

ኩባንያው ከነገራችሁ ግማሹ ልክ ነው። ያላለቀ ውል ካለ መቀጫ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁጥሩን ግን በመያዣነት ሊይዘው አይችልም። በአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ መሠረት፣ ያልተከፈለ ዕዳም ሆነ የውል ማፍረሻ ክፍያ ዝውውር ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ የቁጥር ዝውውር ደንቡ ከመደበኛው ስልክ ጋር የሚገናኙ የኢንተርኔት ስልክ አቅራቢዎችንም ይመለከታል። እዚያው አካባቢ እስካላችሁ ድረስ፣ የአንድ መስመር ቀላል ዝውውር በአንድ የሥራ ቀን ማለቅ አለበት። ጥያቄውን የምታቀርቡት ለአዲሱ አቅራቢ ስለሆነ ከድሮው ጋር መጨቃጨቅ አያስፈልግም። እንቢታው ከቀጠለ ለኮሚሽኑ ያለ ክፍያ አቤቱታ አቅርቡ፤ ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ምላሽ እንዲሰጥ ይጠየቃል።

እኔን ያስገረመኝ መቀጫው ነው። አባትዎ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗል። ታዲያ «አላለቀም» የተባለውን ውል ማን ፈረመው? የውሉን ቅጂ፣ የተፈረመበትን ቀንና የታደሰበትን መንገድ በጽሑፍ ጠይቁ። አባትዎ የፈረሙት ከሆነ፣ የሟች ዕዳ የሚጠየቀው በመሠረቱ ከውርስ ሀብቱ ነው። እናትዎ ራሳቸው ካልፈረሙ ወይም በስልክ «እሺ» ብለው ካላደሱት በስተቀር መቀጫውን ከእርሳቸው መጠየቅ ቀላል አይሆንም። እስካሁን ለተጠቀሙበት አገልግሎት ግን ይክፈሉ፤ እዚያ ላይ ክርክር አላይም። ነገሩ ከከረረ በሜሪላንድ እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ ክርክር በአነስተኛ የገንዘብ ክርክሮች ችሎት ይታያል። ውሉ ክርክርን ወደ ግልግል ዳኝነት የሚመራ አንቀጽ ካለበትም፣ ብዙዎቹ ይህን ችሎት ስለማይከለክሉ ከመክሰሳችሁ በፊት አንቀጹን አንብቡት።

ዝውውሩን በተግባር የሚያሰናክለው ስሙ ነው። በማመልከቻው ላይ የሚሰፍረው ስም፣ አድራሻና የደንበኛ ቁጥር በክፍያ ቢሉ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ጥያቄው ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድማችሁ የሞት የምስክር ወረቀት አቅርባችሁ ሂሳቡን ወደ እናትዎ ስም አዙሩ። ሠራተኛው በዚሁ አጋጣሚ «አዲስ ጥቅል» ሊያቀርብላችሁ ይችላል። አትቀበሉ፤ አዲስ ውል የሚጀመረው እንዲህ ነው። ኢንተርኔታችሁም የሚመጣው በዚያው የስልክ መስመር ከሆነ፣ ቁጥሩ ሲዛወር አብሮ ሊቋረጥ ስለሚችል አስቀድማችሁ አጣሩ።

በዕድሜ ለገፉ እናት ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ የአሜሪካ የአደጋ ጥሪ ቁጥር፣ 911 ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ትእዛዝ መሠረት አቅራቢው አገልግሎቱን ከመክፈቱ በፊት የመኖሪያ አድራሻችሁን መመዝገብና የ911 አገልግሎቱ የሚጎድለውን ማስረዳት አለበት። አምቡላንስ የሚላከው ወደተመዘገበው አድራሻ ስለሆነ፣ ቤት ስትቀይሩ ምዝገባውን ማደስ የእናንተ ድርሻ ነው። የድሮው የመዳብ መስመር ኃይሉን ከስልክ ጣቢያው ስለሚያገኝ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። አዳፕተሩ ግን መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ አብሮ ይሞታል፤ ለራውተሩና ለአዳፕተሩ የሚሆን መጠባበቂያ ባትሪ ግዙ። እናትዎ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የአደጋ ጥሪ ቁልፍ ካለ በኢንተርኔት መስመር እንደሚሠራ ከድርጅቱ በጽሑፍ ማረጋገጫ ውሰዱ።

አዳፕተሩን አዲስ አበባ መውሰዱን አልመክርም። እዚያ ሆነው በእርሱ 911 ቢደውሉ አምቡላንሱ የሚሄደው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የአዲስ አበባ ፖሊስን 991 ደግሞ በእርሱ አያገኙትም። ከዚያ በላይ የወንጀል ሕግ አለ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮም መሣሪያን ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባትንና በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በእስራት ያስቀጣል። አዋጁ ሲወጣ «ስካይፕ ታገደ» ተብሎ ተወርቶ መንግሥት አስተባብሏል፤ የአዋጁም ዋና ዒላማ በጥሪ የሚነግዱ ሰዎች እንጂ ልጃቸውን የሚያነጋግሩ እናት አይደሉም። ቢሆንም በጉምሩክ ፍተሻ ላይ ይህን ለማስረዳት መሞከር ለእናትዎ አላስፈላጊ እንግልት ነው። መሣሪያው የግድ ይሂድ ካላችሁ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የእኔ የጥብቅና ፈቃድ የሜሪላንድ ስለሆነ እዚያ ፈቃድ ያለው ጠበቃም አማክሩ። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው አዳፕተሩን ቤት ትቶ ጥሪውን ወደ እናትዎ የእጅ ስልክ መተግበሪያ የሚያስተላልፍ አቅራቢ መምረጥ ነው። ያኔም የአገልግሎት ውሉ ከአሜሪካ ውጭ መጠቀምን ይፈቅድ እንደሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት እዩ።