የአሜሪካን የኢሚግሬሽን ሕግ ከመጻሕፍትና ከጆርናሎች ማጥናት፦ ጥያቄና መልስ

በሜሪላንድ በሚገኝ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። ጠበቃ ስላልሆንኩ በማንም ጉዳይ ላይ የሕግ ምክር አልሰጥም፤ መጽሐፉ የት እንደሚገኝ፣ እንዴት እንደሚነበብና መቼ እንደማይታመን ግን ላሳይ እችላለሁ። ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች መካከል ለሚከተሉት መልስ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ የጥገኝነት ጉዳዬን የያዘልኝ ጠበቃ አለ፤ ሆኖም የሚነግረኝን በራሴ ማመሳከር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጉዳዩን የሚያውቅ ባለጉዳይ ለጠበቃውም ስለሚጠቅም ሐሳብዎ ተገቢ ነው። ከሁሉ በፊት ሕጉ ራሱ የት እንዳለ ይወቁ። መሠረቱ በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ሲሆን፣ በፌዴራል ሕጎች ስብስብ ውስጥ በርዕስ 8 ሥር ይገኛል። ብዙ ሰው የሚደናገረው አንዱ ድንጋጌ ሁለት ቁጥር ስላለው ነው፤ ጠበቆች «ክፍል 208» የሚሉት የጥገኝነት ድንጋጌ በርዕስ 8 ውስጥ ሲፈለግ ቁጥሩ 1158 ነው። በደንቦቹም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር አለ። የቀድሞው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በ2003 ፈርሶ ሥራው ወደ አገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ሲዛወር የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር በመቅረታቸው፣ የደንቡ ክፍል 208 የጥገኝነት መኮንኖችን፣ ክፍል 1208 ደግሞ ዳኞችን የሚመለከት ሆኖ ደንቡ በሁለት ቦታ ታትሟል። እነዚህን ቁጥሮች ከያዙ በኋላ ማንኛውንም የማብራሪያ መጽሐፍ በኋላው ገጽ ባለው የድንጋጌዎች ማውጫ በኩል በቀላሉ መክፈት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በጠበቃዬ ጽሑፍ ላይ «19 አይ ኤንድ ኤን ዲሴ 211» የሚል አለ። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ የመጽሐፍ አድራሻ ነው። የፊተኛው ቁጥር ቅጹን፣ መካከለኛው የተከታታዩን አሕጽሮተ ስም፣ የኋለኛው ደግሞ ውሳኔው የሚጀምርበትን ገጽ ያመለክታል። ተከታታዩ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ አስገዳጅ ውሳኔዎች የሚታተሙበት ነው፤ 19ኛውን ቅጽ ከመደርደሪያው አውርደው ገጽ 211ን ሲገልጡ በ1985 የተሰጠውን የአኮስታን ውሳኔ ያገኛሉ። አመልካቹ በኤል ሳልቫዶር በታክሲ ማኅበር ውስጥ የሚሠራ ሾፌር ነበር፤ ሥራ አላቆምም በማለቱ ሽምቅ ተዋጊዎች ዛቱበት። ቦርዱ ለጥገኝነት ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ የሆነው «የተወሰነ ማኅበራዊ ቡድን» የሚባለው አባላቱ ሊለውጡት የማይችሉት፣ ወይም ከማንነታቸውና ከኅሊናቸው ጋር የተሳሰረ በመሆኑ እንዲለውጡት ሊገደዱ የማይገባ የጋራ ባሕርይ ሲኖራቸው ነው ካለ በኋላ፣ ሥራ ግን ሊቀየር ይችላል ሲል ወሰነ። ይህን ውሳኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲያነቡት አጥብቄ እመክራለሁ፤ የዳኛውን አስተሳሰብ ከማብራሪያ መጽሐፍ ይልቅ በግልጽ ያሳያል።

ጥያቄ፦ በ2016 የታተመ ወፍራም የኢሚግሬሽን ሕግ መጽሐፍ በስጦታ አግኝቻለሁ። ልተማመንበት?

መልስ፦ ታሪኩንና ቃላቱን ይማሩበት፤ ለዛሬ ውሳኔ ግን አይመኩበት። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ከእንዲህ ያለ መጽሐፍ በእጃቸው የገለበጡትን ስምንት ገጽ ይዘውልኝ መጡ። ጽሑፋቸው ያማረ ነበር፤ የተመሠረተው ግን በተሻረ ውሳኔ ላይ ነበር፤ ይህን ስነግራቸው የተሰማኝን ኀዘን ዛሬም አልረሳውም።

መጽሐፍዎ በ2014 ቦርዱ በቤት ውስጥ ጥቃት ለደረሰባት አንዲት ጓቲማላዊት የሰጠውን ውሳኔ ሕያው አድርጎ ያቀርበዋል። ያ ውሳኔ ባለጉዳዮቹ እንዳይታወቁ በፊደላት ብቻ በሚጠራው የ«ኤ ቢ» ጉዳይ በ2018 በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ተሻረ፤ በ2021 ሌላ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሽረቱን ራሱን ሰረዘው፤ ከዚያም ወዲህ መለዋወጡ አልቆመም። በሌላ በኩል ፍርድ ቤቶች ግልጽ ያልሆነን ሕግ የሚያስፈጽመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚተረጉምበት መንገድ እንዲቀበሉ ያደርግ የነበረውንና ከ1984 ጀምሮ የቆየውን የሼቭሮን መርሕ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 ሽሮታል። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ሁሉ በዚህ ነጥብ ላይ ያረጀ ነው።

ስለዚህ መጽሐፍ ሲያነሡ አስቀድመው የኅትመት ዘመኑን ይመልከቱ፤ ከኋላ ሽፋኑ ኪስ ውስጥ የገባ ተጨማሪ ቡክሌት ካለም ያውጡት። ገጾቹ እየተነቀሉ የሚተኩ ጥራዝ ከሆነ መጨረሻ የታደሰበት ቀን መግቢያው ላይ ይገኛል። በመጨረሻም የሚጠቅሱትን ውሳኔ የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ የሕግ መረጃ ቋቶች በሆኑት በዌስትሎው ወይም በሌክሲስ አስገብተው፣ ያልተሻረ መሆኑን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ ያለ የአጎቴ ልጅ ጠበቃው የጻፈለትን ክርክር ሰጥቶኛል። እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፤ ልጠቀምበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳለ አይቅዱት። ካሊፎርኒያ በዘጠነኛው፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ደግሞ በአራተኛው ሰርኪውት (የፌዴራል ይግባኝ ክልል) ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሥር ናቸው፤ አንዱ የወሰነው ሌላውን አያስገድድም።

ጥያቄ፦ የሕግ ጆርናሎች ለተራ ሰው ምን ይጠቅማሉ?

መልስ፦ ጆርናል ሕግ አይደለም፤ ዳኛንም አያስገድድም። ትልቁ ሀብቱ የግርጌ ማስታወሻው ነው። በጆርጅታውን የኢሚግሬሽን ሕግ ጆርናል ወይም ከ1989 ጀምሮ በሚታተመው ዓለም አቀፍ የስደተኞች ሕግ ጆርናል ላይ ስለ ጉዳይዎ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኙ፣ እርስዎ በወራት የማይደርሱባቸው ውሳኔዎች ከግርጌው ተሰልፈው ይጠብቁዎታል። ደራሲው ሕጉ እንዲህ «ቢሆን ይገባል» የሚለውንና «ነው» የሚለውን ግን ለይተው ያንብቡ፤ ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስለ አንድ አገር ሁኔታ የሚያጠኑ የምሁራን ጽሑፎች ደግሞ እንደ ማስረጃ ሊቀርቡ ይችላሉ። ጽሑፉ በአማርኛ ከሆነ የተርጓሚው ማረጋገጫ ያለበት ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም አብሮ መያያዝ አለበት።

ጥያቄ፦ መጻሕፍቱ በጣም ውድ ናቸው። በነፃ የት ይገኛሉ?

መልስ፦ እርስዎ ዋሽንግተን አካባቢ ካሉ፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሕግ ንባብ ክፍል ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ክፍት ነው፤ የአንባቢ መታወቂያውም በነፃ ይሰጣል። በሌሎች ከተሞች የመንግሥት ኅትመቶችን የሚያስቀምጡ ቤተ መጻሕፍትን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ዜግነት ወስጃለሁ። ኢትዮጵያዊነቴ አልቀረም የሚሉኝ አሉ፤ ከየት ላጣራ?

መልስ፦ ከፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ። የዜግነት አዋጁ በአማርኛ ቁጥሩ 378/1996 ነው፤ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ 2003 ተብሎ ስለሚጻፍ ሌላ አዋጅ እንዳይመስልዎ። አንቀጽ 20 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደ ተወ ይቆጥረዋል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ የተመሠረተበት አዋጅ ደግሞ 270/1994 ነው። በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ልዩነት ካዩ የሚጸናው አማርኛው ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ አሜሪካ ከገባች 14 ወር ሆናት፤ ጥገኝነት አልጠየቀችም። የአንድ ዓመቱ ገደብ አልፏልና በቃ ተብላለች። የትኛውን መጽሐፍ ላንብብላት?

መልስ፦ ገደቡ በክፍል 208 ውስጥ መኖሩ እውነት ነው፤ እዚያው ክፍል ላይ ግን ለተለወጡና ለልዩ ሁኔታዎች የተቀመጡ ሁለት መውጫዎች አሉ። ደንቡ ከባድ ሕመምን፣ ለአካለ መጠን አለመድረስን፣ ሕጋዊ ቪዛ ወይም ሌላ ሕጋዊ ሁኔታ ይዞ መቆየትን በምሳሌነት ይጠቅሳል፤ ሆኖም ምክንያቱ ካበቃ በኋላ በተመጣጣኝ ጊዜ ውስጥ ማመልከትን ይጠይቃል። ያ ጊዜ አሁን እየሄደባት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ንባቡን ያቆዩትና ዛሬውኑ ከጠበቃ ወይም ከፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና ካለው ወኪል ጋር ቀጠሮ ያስይዙላት፤ ወደ ቀጠሮው ስትሄድ የገባችበትን ቀን የሚያሳየውን ወረቀትና ፓስፖርቷን ይዛ ትሂድ።