ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «እናቴን ኦፕራሲዮን የሚያደርጋት ተማሪ ነው?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ዘጌ ነው። እናቴ 54 ዓመቷ ነው። በጾም ደህና ትከርምና ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ስትቀምስ ቀኝ ጎኗን፣ ከጎድኗ ሥር፣ ቀስፎ ይይዛታል። በአልትራሳውንድ የሐሞት ከረጢት ጠጠር ተገኝቶባት ባሕር ዳር፣ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ይዛለች። ጎረቤቱ ሁሉ «እዚያ እኮ ተማሪ ነው የሚለማመድባት» እያለ አስፈራራን። በትንሽ ቀዳዳ ይሠራል የሚባለውስ እውነት ነው? ስትወጣ በጀልባ መመለስ ትችላለች?

መልስ፦ ጎረቤቶችዎ አልዋሹም፤ ግማሹን ብቻ ነው የነገሯችሁ። በማስተማሪያ ሆስፒታል ተማሪ ሞልቷል። ጠዋት ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞች አልጋ ለአልጋ ሲዞሩ፣ ያ ሁሉ ነጭ ጋዋን አልጋውን ሲከብ ቢደነግጡ አይፈረድብዎትም። ግን ሁሉም አንድ አይደሉም። ተማሪው ያያል፣ ይጠይቃል። ኢንተርኑ፣ ማለትም የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪው፣ ካርድ ይጽፋል፣ ደም ይወስዳል። ሬዚደንቱ ግን በሐኪምነት ተመርቆ አሁን ቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዝ የሚያደርግ ነው። ከእሱ በላይ ሲኒየሩ፣ ማለትም ስፔሻሊስቱ ሐኪም፣ አለ። እኔ ሬዚደንት ሳለሁ አንዷን ስፌት ሦስት ጊዜ አስፈትቶ ያሠራኝ ሲኒየር ነበረኝ። ታካሚዋ ተኝታለች፣ ላቡ የኔ ነው።

ስለዚህ እናትዎ የስምምነት ቅጹን ከመፈረማቸው በፊት «ማን ነው የሚሠራት? ሲኒየሩ አብሮ ይገባል?» ብለው ይጠይቁ። የሚቆጣዎት ካለ የሚያፍረው እሱ ነው።

ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ስማቸውንና የሚሠራላቸውን ነገር ደጋግመው ይጠይቋቸዋል። «ካርዱ ላይ የለም እንዴ?» ብለው እንዳይናደዱ። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው 19 ነጥብ ያለው ቼክሊስት፣ ማለትም በኦፕራሲዮን ጊዜ አንድ በአንድ የሚጣራ ዝርዝር፣ ነው። በ8 አገሮች ሆስፒታሎች ሲሞከር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞተው ሰው ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። አንዲት ወረቀት ናት እንግዲህ።

ትንሿ ቀዳዳም እውነት ናት። ላፓሮስኮፒ ይባላል። የሐሞት ከረጢትን በዚህ መንገድ መጀመሪያ ያወጣው ጀርመናዊው ኤሪክ ሙሄ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1985። የሙያ ጓደኞቹ አጣጥለውበት ነበር፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተለመደው አሠራር እሱው ሆኗል። ሆድ በጋዝ ይነፋል፣ ብዙ ጊዜ በአራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ ይገባል፣ ሐኪሙ ስክሪን እያየ ይሠራል። ታካሚው ብዙ ጊዜ በማግስቱ ቤቱ ይገባል። እናትዎ ሲነቁ «ትከሻዬን» ካሉ አይደንግጡ፣ ጋዙ ነው፤ በጥቂት ቀናት ይለቃል። ከረጢቱ በቁስለት ተጣብቆ ከተገኘ ግን ሐኪሙ ሆድ ሊከፍት ይችላል። ሳይከፍት እልህ ከሚጋባ ቢከፍት ይሻላል። ለእናትዎ የታሰበው የትኛው እንደሆነም አስቀድመው ይጠይቁ።

ዘጌ ካሉኝ ቡናን ሳላነሣ አላልፍም። የኛ ሰው ከማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ያድርና ተራው ቀትር ላይ ሲደርሰው ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ይገባል። አሁን ያለው መመሪያ ከማደንዘዣው በፊት ቀለል ያለ ምግብ ለ6 ሰዓት፣ ውሃ ለ2 ሰዓት ያህል ማቆም ነው የሚለው። ወተት የሌለበት ቡናም ከውሃው ወገን ነው። የስኳር ሕመም ወይም ሌላ ችግር ካለባቸው ሊለያይ ስለሚችል የመጨረሻውን ቃል ከማደንዘዣ ባለሙያው ይስሙ።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ደግሞ ዘመድ ተሰብስቦ «ንቅንቅ እንዳትዪ» ይላል። አትስሟቸው! ሐኪሙ ከፈቀደ እናትዎ በዚያው ቀን ተደግፈው ይነሡ፣ ኮሪደሩን ይመላለሱ። ተኝቶ መዋል እግር ላይ ደም ያረጋል፣ ሳንባም ያሳምማል።

ጀልባው ችግር የለውም፤ ዕቃ አይሸከሙ፣ ሲሳፈሩና ሲወርዱ ክንዳቸውን ያዙላቸው። እኔን ካማከሩኝ ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ይቆዩ። ትኩሳት፣ የማያቋርጥ ማስመለስ፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የዐይን ቢጫ መሆን ወይም ሻይ የመሰለ ሽንት ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። ከቀጠሮው በፊትም ቢሆን እንደዚያው። በእኩለ ሌሊት ከዘጌ ጀልባ ከመፈለግ ከቀበሌ 14 ባጃጅ መጥራት ይቀላል።