ፍርሃቱ ሳይለቅም ማገልገል ይጀመራል፦ የጎዳና ወገኖችን ስለ መርዳት ለጠየቁን እኅት

የተከበሩ እኅታችን፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ሰንበት ትምህርት ቤትዎ ደሴ ላይ በየበረንዳው ለሚያድሩ ወገኖች ምግብ የሚያዳርስ ቡድን እንዳቋቋመ፣ እርስዎም እንዲሳተፉ እንደተጠየቁ፣ ነገር ግን ከማያውቁት ሰው ጋር መነጋገር ከልጅነትዎ ጀምሮ እንደሚከብድዎና በሽታም እንደሚያሰጋዎ ገልጸው፣ «ገንዘብ ብቻ ባዋጣ አይበቃም ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም እንደ እርስዎ ሰው ፊት መቆም የሚያስጨንቀኝ ሴት ስሆን፣ በዚህ አገልግሎት ዓመታት በማሳለፌ ያየሁትን ላካፍልዎ ወደድሁ።

ገንዘብ ማዋጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ጤፉም ዘይቱም ከሰሉም የሚገዛው በእርሱ ነውና የሚያዋጣ ሰው ባይኖር ድስቱም አይጣድም። ሆኖም ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የሚጠይቀንን ነገር ልብ ብለው ቢያነብቡ፣ የተራበን ከማብላትና የታረዘን ከማልበስ ጋር እንግዳን መቀበልና የታመመን መጠየቅም ተቆጥረዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በሰው እጅ መላክ ይቻል ይሆናል፤ የቀሩትን ግን ራስ ሄዶ ካልሆነ በቀር መፈጸም አይቻልም። ስለዚህ ምክሬ «ይሂዱ» የሚል ነው፤ ፍርሃቱ እስኪለቅዎ ግን አይጠብቁ፤ እኔን እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልለቀቀኝም፣ ሥራውንም አልከለከለኝም።

ይህ ፍርሃት ከየት እንደሚመጣ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከራያ ቆቦና ከወልድያ አካባቢ ጦርነቱን የሸሹ ወገኖች የደሴን ትምህርት ቤቶች ሲሞሉ፣ በየሰፈራችን እንጀራ ጋግራ፣ ድንች ቀቅላ ያላደረሰች እናት አልነበረችም ማለት ይቻላል፤ ያን ጊዜ «እፈራለሁ» ያለ ሰው አላስታውስም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እኛው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ራሳችን በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም አልፈን ተሰደድን፤ ብዙዎቻችንም በማናውቀው ሰው ቤት ወለል ላይ አደርን። የተፈናቃዩን ታሪክ እናውቀው ስለነበር አልሸሸነውም። ፒያሳ ላይ ካርቶን አንጥፎ የተኛውን ሰው ግን ከየት እንደመጣ ስለማናውቅ ፈጣን እርምጃ እንራመዳለን። ቀርበው ቢጠይቁ፣ አንዱ የእንጀራ እናት አስመርራው ከገጠር የመጣ ልጅ ነው፤ ሌላው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲከፈት ሥራ ፍለጋ መጥቶ ሳይሳካለት የቀረ ነው፤ ሌላዋ ከዓረብ አገር ባዶ እጇን ተመልሳ የወላጆቿን ፊት ማየት ያሳፈራት ናት። እነዚህ ሁሉ የእኛው የወሎ ልጆች፣ የጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው።

በሽታን በተመለከተ ስጋትዎን አላቃልለውም፤ መጠኑን ማወቅ ግን ያረጋጋል። በጎዳና ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ግርሻ (እየተመላለሰ የሚነሣ የትኩሳት በሽታ) የሚተላለፈው በልብስ ቅማል አማካይነት እንጂ አጠገብ ተቀምጦ በመነጋገር አይደለም። እከክም ቢሆን በአብዛኛው ለረጅም ጊዜ በሚቆይ የቆዳ ንክኪ ወይም አብሮ በመተኛት ይተላለፋልና ሰላምታ ለመስጠት እጅ መጨበጥ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ ቢተላለፍም፣ ነፋስ በሚያገኘው በረንዳ ላይ ስጋቱ ከተዘጋ ቤት እጅግ ያንሳል። ለሳምንታት የሚያስለው ሰው ካገኙ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ያግዙት፤ የነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ የሚሰጥ ነው። ትኩሳት የያዘውንም ሰው እንዲሁ ወደ ሕክምና ማድረስ እንጂ ክኒን ገዝቶ ሰጥቶ መመለስ አይገባም።

አሁን ከየት ይጀመራል ወደሚለው ልምጣ። እንደ እርስዎ ላለ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ሥራ እጅ ማስታጠብ ነው። ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት ጆግና ሳፋ ይዞ በየሰዉ ፊት ጎንበስ እያሉ ውኃ ማፍሰስ ብዙ ንግግር አይጠይቅም፤ ለሚታጠበው ሰው ግን እንደ ክቡር እንግዳ መቆጠሩን ይነግረዋል። ሰው ከምግቡ በፊት ይህን ክብር ከተራበ ቆይቷል። (በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ እግራችንን ሲያጥቡን የሚሰማንን ያስታውሱ።) ውኃው ደግሞ ለብ ያለ ይሁን፤ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት ቀዝቃዛ ውኃ እጅ ላይ ማፍሰስ ጭካኔ ነው።

አንድ ምሽት በተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ለተቀመጡ አንዲት አሮጊት ቆሜ ምግባቸውን ሳቀብል፣ እማማ ምግቡን ከመቀበላቸው በፊት ቀና ብለው፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ከሥራቸው ካለው ካርቶን ግማሹን ሳብ አድርገው፣ በመዳፋቸው አቧራውን ጠረግ ጠረግ ካደረጉ በኋላ፣ «በይ አረፍ በይ፤ እንግዳ ቆሞ አያወራም» አሉኝ። ተቀመጥሁ። ስለ እናቴ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ጠየቁኝ፤ ምን እላለሁ ብዬ የተጨነቅሁበትን ጨዋታ ሁሉ እርሳቸው ያዙት። ሲለያዩኝም ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አላህ በመልካም ያውጣሽ» ብለው መረቁኝ። የቤቱ ባለቤት እርሳቸው፣ እንግዳዋ እኔ ነበርሁ። ለዓይነ አፋር ሰው ይህን ማወቅ ትልቅ እረፍት ነው፤ ጨዋታውን የሚጀምረው ሁልጊዜ እርስዎ አይደሉም። አንቱታውን ብቻ አይርሱ፤ በዕድሜ የገፋን ሰው ጎዳና ላይ ስላገኙት «አንተ» ማለት ከምግብ መንፈግ የማይተናነስ በደል ነው።

ስለ ምግቡ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። በፍስክ ቀንም ቢሆን የጾም ምግብ ይሥሩ። በከተማችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ በረንዳ ላይ ያድራሉ፤ እንደ ልማዳችን ግን አንዱ ወገን ያረደውን ሌላው አይበላም። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንችና ጎመን ከሆነ ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላሉ፤ ማንም «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ተርቦ አያድርም። በረመዳን የማዳረሻ ሰዓታችሁን ወደ ማፍጠሪያው አስጠጉ። የምናገለግለው በክርስቶስ ስም ነው፤ እንጀራውን ግን የስብከት ዋጋ ማድረግ የለብንም። ስለ እምነታችን የሚጠይቀን ሲኖር እንመልሳለን፤ ሳንጠየቅ ግን በተራበ ሰው ላይ አንሰብክም።

ማስቲሽ የሚስቡ ልጆች ያስፈሩኛል ብለዋል። ከሳቡ በኋላ ክርክር አይያዙ፤ ብቻዎንም አይቅረቡ። ጠዋት ላይ ብታገኟቸው ሌሎች ልጆች ናቸው፤ ይጫወታሉ፣ ስማቸውን ይነግሯችኋል። ፎቶግራፍ ግን አታንሷቸው። ምሽት የምትወጡ ከሆነ ወንድሞች አብረዋችሁ ይኑሩ፤ የት እንዳላችሁም ቤተሰብ ይወቅ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ያልጠበቅሁት ነገር ነበር፤ ልሰጥ የማልችለውን መጠየቅ። አንዱ ለቤት ኪራይ፣ አንዱ ለመሳፈሪያ፣ አንዷ «ልጄን ውሰጂልኝ» ትላለች። በዚህ ጊዜ ከርኅራኄ የተነሣ የማይፈጽሙትን ቃል አይግቡ። «ይህን አልችልም፤ ማኅበሩን ግን እጠይቃለሁ» ይበሉ፤ ከዚያም በእርግጥ ጠይቀው፣ መልሱ «አይሆንም» ቢሆን እንኳ ተመልሰው ሄደው ይንገሯቸው። ጠፍቶ የሚቀር ሰው ለምደዋልና እምቢታን ይዞ የሚመለስ ሰው ይታመናል። ለዚህም ነው ከተማውን ሁሉ ከመዞር ይልቅ አንድ በረንዳ ይዘው በየሳምንቱ በዚያው ሰዓት እንዲሄዱ የምመክርዎ።

ለአስተባባሪዎ አስቀድመው «መጀመሪያ እጅ ማስታጠብ ላይ መድቡኝ» ብለው ይንገሩ፤ ከቆየች አገልጋይ ጎን ያድርጉዎት። ኮምቦልቻ የምታገለግሉ እኅቶችና ወንድሞች ደግሞ፣ በእናንተ በኩል ሥራ ፈላጊ ወጣቶቹን እንዴት እንደምታገኟቸው ብትጨምሩልን እኅታችንንም እኛንም ትጠቅማላችሁ።