ጃክራቢት ላይ አንድ ሴሽን ለሁሉም ወይስ ለየሪኩዌስቱ?

ሰላም ወንድሜ። «በጃክራቢት የሚሠራ የሰነድ ሲስተም አለን፤ ተጠቃሚው ብዙ ነው። አንድ ሴሽን ከፍተን ሁሉም ይጠቀምበት ወይስ በየጊዜው እንክፈት?» ብለሃል። ጃክራቢት ሰነዶችን በዛፍ መልክ የሚያስቀምጥ የጃቫ ማከማቻ ነው፤ ሴሽን ደግሞ አንድ ተጠቃሚ ገብቶ (ሎግኢን) እስኪወጣ (ሎግአውት) ከማከማቻው ጋር ያለው ግንኙነት ነው። የመጀመሪያውን መንገድ ስለሄድኩበት ያየሁትን ልንገርህ።

ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ ሰርቨሩ ሲነሳ በአድሚን ስም አንድ ሴሽን ይከፈታል፤ ሰው ሁሉ በእሱ ይሠራል። ስንሞክረው ችግር አልታየም፤ የሚሞክረው አንድ ሰው ነበራ። ሥራ ላይ ሲውል ግን አንዲት ባልደረባችን ያልጨረሰችው ደብዳቤ ማህደር ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ፎርሙ ሁለት ገጽ ነበረው፤ እሷ ገና የመጀመሪያው ላይ ነበረች። ሴቭ ያደረገው ሌላ ክፍል ውስጥ የራሱን ሰነድ ሲያርም የነበረ ሰው ነው። የለውጥ ታሪኩ ላይ ደግሞ የሁለቱም ሥራ «አድሚን» ተብሎ ተመዝግቧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያልተቀመጠ ለውጥ ሁሉ ሴሽኑ ውስጥ ይጠራቀማል። ሴቭ ሲባል የተጠራቀመው በሙሉ ይገባል፤ ማን እንደጻፈው አይለይም። ፈቃድም የሚታየው በሴሽኑ ባለቤት ስም ነው። ከዚህ ሌላ አንድን ሴሽን ሁለት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄዱ የፕሮግራሙ ሥራዎች) እኩል ሊነካው አይገባም፤ ለዚያ አልተሠራም።

የጃክራቢቱን ሴሽን ኤችቲቲፒ ሴሽን (ዌብ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ጎብኚ የሚይዘው ማስታወሻ) ውስጥ ማስቀመጥም አይበጅም። ሰው ሁለት ታብ ሲከፍት ያው የትሬድ ችግር ይመጣል። ኦክ (አዲሱ የጃክራቢት ትውልድ) ላይ ከሆንክ ደግሞ ሴሽኑ የተከፈተበትን ጊዜ ይዘት ይዞ ይቆያል፤ ሪፍሬሽ ካላደረግክ ሌላው የጻፈውን ላታይ ትችላለህ። ከ1 ደቂቃ በላይ ዝም ያለ ሴሽን ሲነካም ሎጉ ላይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። ሪፖዚተሪው (ማከማቻው ራሱ) ከባድ ስለሆነ አንዴ ብቻ ይነሳል፤ እሱን መጋራት ችግር የለውም። ሴሽኑ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ ሪኩዌስት (ከተጠቃሚው ለሚመጣ ጥያቄ) በተጠቃሚው ስም ይከፈትና ፋይናሊ (ስህተት ቢመጣም የሚሠራው የኮዱ ክፍል) ውስጥ ሎግአውት ይደረጋል። የተጠቃሚው ፓስወርድ እጅህ ላይ ከሌለ ኢምፐርሶኔት (ፈቃድ ባለው ሌላ ሴሽን በኩል በተጠቃሚው ስም ሴሽን መክፈቻ) ተጠቀም። ፋይናሊውን አደራ። አንድ የሪፖርት ገጽ ስህተት ሲያጋጥመው ሎግአውት ሳያደርግ ይወጣ ነበር፤ ሜሞሪው እየሞላ ሰርቨሩ በየጥቂት ቀኑ ይወድቅብን ነበር።

ብዙ ሰው የሚስተው መቆለፊያው ነው። በሴሽን የታሰረ ሎክ ሎግአውት ስታደርግ አብሮ ይጠፋል። ሰነድ ለማረም የቆለፈ ሰው በሚቀጥለው ሪኩዌስት መቆለፊያውን ያጣዋል ማለት ነው። ስለዚህ ከሴሽኑ ጋር የማይጠፋውን ምረጥ፤ ቶክኑን (የመቆለፊያውን መለያ) አስቀምጠህ ለአዲሱ ሴሽን መልሰህ ስጠው።

ሁለት ሰው አንድ ኖድ (የዛፉ አንድ ክፍል) ላይ ቢጋጭ ኢንቫሊድ አይተም ስቴት ኤክሴፕሽን የሚባል ስህተት ይመጣል። ለውጡን ጥለህ ሪፍሬሽ አድርግ፤ ለሰውየው አዲሱን አሳየው እንጂ በላዩ አትጻፍበት። ረጅም ዕድሜ ያለው ሴሽን የምፈቅደው ለውጥ ለሚያዳምጥ ሊስነር ብቻ ነው፤ እሱም አይጽፍበትም።

ዛሬውኑ ኮድህ ውስጥ ሎግኢን የሚደረግበትን ቦታ ሁሉ ፈልግና እያንዳንዱ የራሱ ሎግአውት እንዳለው እይ። ጃክራቢት 2 ይሁን ኦክ የምትጠቀመው ጻፍልኝ፤ የመቆለፊያውን ኮድ አብረን እናየዋለን።